አራት ሌሊት በላንጎለን ቦይ፦ የኪራይ ናሮቦት ከውሻ ጋር

መስመሩ ከትሬቨር ተነስቶ ኤልስሚር ደርሶ መመለስ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ 17 ሜትር ግድም በሚረዝም ናሮቦት (ጠባብ የቦይ ጀልባ)። በዌልስና በእንግሊዝ ድንበር ያለውን የላንጎለን ቦይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውሻ ጋር ለሚሞክር ሰው ከዚህ የተሻለ መስመር አንጠቁምም። በመንገዱ ላይ ያሉት ሎኮች ሁለት ብቻ ናቸው። ሎክ ማለት ጀልባው በበር ተዘግቶበት ከውሃው ጋር የሚወርድበት ወይም የሚወጣበት ጉድጓድ ነው፤ የሁሉም ሰው እጅ የሚያዘውና ውሻው የሚረሳውም እዚያ ነው።

ናሮቦት ወርዱ 2.1 ሜትር ብቻ ነው። የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በዳሩ መንገድ የሚሄድ ውሻ ያለ ችግር ይቀድመዋል። መንገዱ ድሮ ጀልባ ጎታች ፈረሶች የሚሄዱበት ነበር፤ ዛሬ የውሻ ገነት ነው። ለመከራየት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ርክክብ ላይ የሚሰጠውን ማብራሪያ ግን አታሳጥሩት። ናፍጣው ከዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን፣ ስንት ውሻ እንደሚፈቀድና ለውሻ የሚከፈለውን ሳትከፍሉ በፊት ጠይቁ። ዋጋው የትምህርት ቤቶች የትንሣኤ ዕረፍት ሲገባ ይወደዳል፤ ዕረፍቱ እንዳለቀ ያሉት ሳምንታት ይሻላሉ።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ገና ከመነሻው ነው። ከትሬቨር ወጥታችሁ ወደ ደቡብ እንደታጠፋችሁ የፖንትከሲልቴ የውሃ ድልድይ ላይ ናችሁ። በ1805 የተከፈተው ይህ ድልድይ 307 ሜትር ይረዝማል፤ ከታች ካለው የዲ ወንዝ 38 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከ2009 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ውሃው የሚያልፈው በብረት ገንዳ ውስጥ ነው። በእግረኛው በኩል አጥር አለ፤ በሌላው በኩል ግን የገንዳው ጠርዝ ከውሃው ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። ስለዚህ የጀልባው ገመድ ገና ሳይፈታ ውሻው ካቢን ውስጥ ይግባ፤ የፊቱም የኋላውም በር ይዘጋ። በእግረኛው መንገድ በማሰሪያ ይዞ መሻገርም ይቻላል፤ ከፍታ የሚፈራ ውሻ ግን መሃል ላይ ቁጭ ብሎ እምቢ ሊል ይችላል።

ቀጥሎ ሁለት ዋሻዎች አሉ፤ ረጅሙ የቸርክ ዋሻ 421 ሜትር ነው። ሁለት ጀልባ ስለማያሳልፍ ከመግባታችሁ በፊት ከወዲያ የሚመጣ መብራት መኖሩን እዩ። እንደወጣችሁ በ1801 የተሠራው የቸርክ የውሃ ድልድይ ይቀበላችኋል፤ ጎኑ ላይ ከሱ ከፍ ያለ የባቡር ድልድይ ቆሟል።

ሎኮቹ ኒው ማርተን ላይ ናቸው፤ ወደ ኤልስሚር ስትሄዱ መውረድ ነው። ላይኛው በር ስር የሲሚንቶ ደፍ አለ። ውሃው ሲጎድል የጀልባው ኋላ ደፉ ላይ ከተንጠለጠለ ፊቱ ይዘቀዝቅና ጀልባው ይሰጥማል። ግድግዳው ላይ የደፉን ቦታ የሚያሳይ ነጭ መስመር ተቀብቷል፤ ኋላችሁ ሁልጊዜ ከመስመሩ ፊት ይሁን። ገመድም እየወረዳችሁ ሳለ ታስሮ አይቆይ። ውሻውን በሩ ከሚገፋበት ትልቅ እንጨት ጋር ማሰር ደግሞ ከባድ ስህተት ነው፤ እንጨቱ ሲዞር ውሻውን ይጎትተዋል።

ከውሻ ዕቃዎች ሁሉ ቀዳሚው ጀርባው ላይ ጠንካራ መያዣ ያለው ላይፍ ጃኬት ነው። ቦዩ ጥልቅ ሆኖ አይደለም፤ ብዙ ቦታ ሰው ቆሞ ይሄድበታል። ችግሩ ዳሩ ነው፤ በብረት ወይም በድንጋይ ቀጥ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ውሻ በራሱ መውጣት አይችልም። ውሻ ከወደቀ መጀመሪያ ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን። ለማቆም ብላችሁ የኋላ ማርሽ ካስገባችሁ ፕሮፔለሩ ወደ ራሱ ይስበዋል። በጉዞ ላይ ደግሞ ከመሪው እጀታ መዞሪያ ውጭ ይቀመጥ፤ ወደ ኋላ ሲኬድ እጀታው በኃይል ይወረወራል። ጣሪያ ላይ አታስቀምጡት፤ ድልድዮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው።

በጸደይ ሜዳው በግልገል የተሞላ ነው። በጎች ባሉበት ማሰሪያ ግድ ነው፤ በግ የሚያስጨንቅ ውሻ ባለቤቱን በሕግ ያስጠይቃል። እንቁላል የታቀፉ ዝይዎችም ዳሩን አይለቁም። ማታ ማታ ጆሮውንና የጣቶቹን መሃል ለመዥገር ፈትሹ። የቦይ ውሃ እንዲጠጣ አትፍቀዱ፤ የሌፕቶስፓይሮሲስ (በአይጥ ሽንት በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ በሽታ) ክትባቱም ከጉዞው በፊት የታደሰ ይሁን።

የጀልባው ሥራ ትንሽ ነው፤ ግን ይፈልጋችኋል። ማታ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የፕሮፔለሩን ዘንግ ግራሶ መስጫ እንደተነገራችሁ አዙሩ፤ አለዚያ ውሃ ይንጠባጠባል። ጀልባው ከተንቀጠቀጠ ወይም ኃይል ካነሰው ፕሮፔለሩ ላይ ገመድ ወይም ፕላስቲክ ተጠምጥሟል ማለት ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ ከዚያ ብቻ የማጽጃውን ክዳን ከፍታችሁ እጃችሁን አስገቡ። ክዳኑን በደንብ ሳይገጥሙ ሞተር ማስነሳት ጀልባውን በውሃ ይሞላዋል።

ወደ ኤልስሚር የሚወስደው 7 ሰዓት ግድም ነው፤ ለሁለት ቀን ከፋፍሉት። ከተማዋ ውስጥ ሱፐርማርኬቱ ከጀልባ መቆሚያው አጠገብ ነው፤ ትንሽ አለፍ ሲሉ ደግሞ ብሌክ ሚር የሚባል ሐይቅ ከቦዩ ጎን ለጎን ይተኛል። ለውሻ የእግር ጉዞ ከመስመሩ ሁሉ የምንመርጠው ይህን ቦታ ነው። 17 ሜትር ጀልባ ባገኘበት ቦታ ሁሉ አይዞርም፤ መዞሪያዎቹን ከካርታው አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ።

መመለሻው ይዘገያል። ይህ ቦይ እንደ ሌሎቹ የቆመ ውሃ አይደለም፤ ከላንጎለን በኩል ወደ ሐርልስተን ማጠራቀሚያ ይፈስሳል። ስትመለሱ በዋሻውና በገንዳው ውስጥ ውሃው ወደ ኋላ ይገፋችኋል። ነዳጅ መጨመር አያፈጥንም፤ ኋላውን ወደ ታች ይስበዋል እንጂ። ጀልባው የሚመለሰው በአብዛኛው ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ግድም ስለሆነ ሐሙስን ከፖንትከሲልቴ ድልድይ ማዶ ባለው ፍሮንከሲልቴ እደሩ፤ ድልድዩን ሰው ሳይበዛ በማለዳ ትሻገራላችሁ።