እናቴን ይዤ በአየርላንድ ባቡር

ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ልጁ አየርላንድ ያለችና ሊጠይቃት የሚሄድ ሰው ካገኘሁ መጀመሪያ የምነግረው ይኼን ነው። መኪና አትከራዩ፣ ባቡር ያዙ። እኔ እናቴን ይዤ ኮርክ እህቴ ጋ ሁለት ሳምንት ሰንብቼ መጣሁ። እናቴ ባቡር አይታ አታውቅም ነበር። ጎጃም ሐዲድ የለ፣ የት ታየዋለች?

ከደብሊን አውሮፕላን ማረፊያ ባቡር አይነሳም፣ እሱን ቀድማችሁ እወቁት። ከተማ የምትገቡት በአውቶብስ ነው። ትልልቆቹ የባቡር ጣቢያዎች ሁለት ናቸው። ወደ ኮርክና ወደ ጎልዌይ ከሂውስተን፣ ወደ ቤልፋስት ከኮኖሊ። ተሳስታችሁ አንዱ ጋ ብትወርዱም አትደንግጡ፣ ሉዋስ የሚሉት የከተማ ባቡር በቀዩ መስመር ሁለቱን ያገናኛል። ሊፕ የሚባለውን ካርድ ግዙ። ደብሊን ውስጥ በ2 ዩሮ ለ90 ደቂቃ ከአውቶብስ ወደ ሉዋስ እየቀያየርን ሄደንበታል።

የኮርኩን ቲኬት እህቴ ቀደም ብላ በኢንተርኔት ቆርጣልን ነበር። ቀድሞ ሲቆረጥ ይረክሳል፣ ወንበርም ይያዛል። ገብተን ወንበራችንን ስንፈልግ ከመቀመጫው በላይ ባለች ትንሽ ስክሪን ላይ የእናቴ ስም በመብራት ተጽፏል። በፈረንጅ ፊደል ነውና አላወቀችውም። "እማ፣ ይኼ እኮ ያንቺ ስም ነው" አልኳት። ተንጠራርታ በጣቷ ነካችው፣ ነጠላዋን አስተካከለችና "ማን ነገራቸው አካሌ?" አለችኝ።

መንገዱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ርቀቱን ከማርቆስ ባሕር ዳር አድርጋችሁ ገምቱት። እናቴ ከአዲስ አበባ በመጣን ቁጥር አባይ በረሃን፣ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድም ወደ ደጀን ሽቅብ ስንወጣም፣ ዓይኗን ጨፍና ሎሚ እያሸተተች ነው የምታልፈው። እዚህ ግን ተነስታ እግሯን አፍታታች፣ ሽንት ቤት ደርሳ መጣች፣ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ሎሚው ከቦርሳዋ ሳይወጣ ኮርክ ገባን። ጉልበቱን ለሚያመው ትልቅ ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ፣ ሐዲዱ አብዛኛው ከደብሊን ተነስቶ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ ነው። ከጣት ወደ ጣት መሻገር ያደክማል። ከኮርክ ጎልዌይ በባቡር ልሂድ ብትሉ ወርዶ መቀየር አለ፣ ዶኒጎል የሚባለው ሰሜን ደግሞ ጭራሽ ባቡር የለውም። ስለዚህ እኛ ጎልዌይ የሄድነው በሊሜሪክ በኩል በአውቶብስ ነው፣ ከአራት ሰዓት በላይ። አውቶብሱ 40 ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። ዝናብ እየመታን፣ እናቴ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ ለምን እንደዘገየ የሚነግረን አንድ ሰው አልነበረም። በጣም አናዶኛል። እኛ መናኸሪያ ላይ ረዳት እየጮኸ ሲጠራን የለመድን ሰዎች ነን፣ እዚያ ረዳት የሚባል የለም። መንገድ ዳር ፌርማታ ላይ ከሆናችሁም እጃችሁን ዘርጉ፣ ካለዚያ ጥሏችሁ ሊያልፍ ይችላል።

መኪናውን የከለከልኳችሁ በምክንያት ነው። የሚነዳው በግራ ነው፣ መሪው በቀኝ። አውራ ጎዳናው ምንም አይወጣለትም፣ ገጠሩ ነው አስቸጋሪው። የእህቴ ባል ወደ ምዕራብ ጠረፍ ሲወስደን መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ የድንጋይ አጥሩ የመኪናውን መስታወት ሊልጠው ምንም አልቀረው፣ ከፊት ሌላ መኪና ሲመጣ ደግሞ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። የደብሊንን ቀለበት መንገድ፣ ኤም 50ን፣ የምታልፉ ከሆነ ክፍያ አለ፣ ኬላ ግን አታዩም። ካሜራ ታርጋችሁን ያነባል። በማግስቱ በእኛ አቆጣጠር እስከ ማታ 2 ሰዓት ካልከፈላችሁ ቅጣት ይጨመርበታል።

ከጎልዌይ ወደ ደብሊን የተመለስነው በባቡር ነው። አትሎን ላይ በብረት ድልድይ የሻነንን ወንዝ ትሻገራላችሁ፣ የአገሪቱ ረጅሙ ወንዝ ነው። እናቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ ቆየችና "አባያቸው ይኼ ነው?" አለች። አዎ አልኳት። "ገደል የለውም እኮ!" አለች፣ እስኪጠፋ ድረስም ዓይኗን አልነቀለችም።

ቲኬት ስትቆርጡ መስኮት ዳር ያለውን ወንበር ለእናታችሁ ያዙላት።