ለአዳማ ግቢ ጀርመን ሼፐርድ ወይስ የሐበሻ ውሻ?

ቤት ሠርቶ አጥር ያጠረ ወዳጄ ሁሉ ይህንን ይጠይቀኛል። መልሴን አልደብቅም፤ አዳማ ውስጥ ከሆናችሁ የሐበሻውን አሳድጉ። ሁለቱንም አሳድጌ ነው የምናገረው።

ሼፐርዱን «ንጹሕ ዘር ነው» ብሎ በ18 ሺህ ብር የሸጠልኝ ደላላ ነው። በሁለት ወር ዕድሜ የንጹሑም የድቅሉም ጆሮ ስለሚታጠፍ ገዢ በዚህ አይለይም። የንጹሑ ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ገደማ ይቆማል፤ የእኔው ዓመት ሞልቶትም አልቆመም። እናቲቱን ሳላይ መክፈሌ ዛሬም ይቆጨኛል። እናቲቱን የማያሳያችሁ ሻጭ ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስ እንኳ አትግዙት።

የክትባት ካርዱ ላይ ቀን ተጽፏል፤ የሐኪም ማኅተም ግን የለም። ቡችላው በገባ በሳምንቱ ያስመልሰው ጀመር፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥም ተከተለ። ፓርቮ የሚባለው ቡችላን የሚያጠቃ የአንጀት ቫይረስ ነበር። የአምስት ቀን ግሉኮስና መርፌ 6 ሺህ 500 ብር አስወጣኝ። ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይደገማል፤ አንድ መርፌ አይበቃም።

ጠባዩን አላማም፤ ብልህ ነው፣ ትእዛዝ ቶሎ ይቀበላል። ነገር ግን በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ያህል ካልተንሸራሸረ ግቢውን ይቆፍራል፣ ጫማ ያኝካል። ጸጉሩ ድርብ ነው። ውሻ ደግሞ እንደ ሰው በላብ ሳይሆን በማለክለክ ስለሚበርድ፣ በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ከውኃ ሳህኑ አጠገብ አይነሣም ነበር።

የሐበሻውን ከጎረቤት በነጻ አገኘሁ። ያወጣሁት ለክትባትና ለትል መድኃኒት ብቻ ነው። ጸጉሩ አጭር ስለሆነ ሙቀቱን ይችላል፤ ሌሊት ኮሽታ አያመልጠውም። በር ክፍት ካገኘ ግን ሰፈር ለሰፈር ይዞራል፤ ስለዚህ የእብድ ውሻ ክትባቱን በሦስት ወሩ አስጀምሩትና በየዓመቱ አስደግሙለት።

ለሁለቱም ቢሆን ከቄራ የመጣ ሳንባ በደንብ ቀቅላችሁ ስጡ። ጥሬው ውኃ የቋጠረ እጢ ካለበት ውሻው ትል ይይዘዋል፤ የትሉ ዕንቁላልም ወደ ልጆቻችሁ ይሻገራል። የዶሮ አጥንት ግን ተቀቅሎም አይሰጥም፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ሼፐርድ ካልሆነ የምትሉ ደግሞ ቢያንስ ግቢው ጥላ ይኑረው፤ የቡችላውን ዋጋ የሚያህል ገንዘብም ለሕክምና አስቀምጡ።