ፒኤስአር፣ ማይክሮኮርግ ወይስ ላፕቶፕ? ሐዋሳ ላለ ኪቦርድ ገዢ

ሐዋሳ ውስጥ "ኪቦርድ ልገዛ ነው" ላለ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው ምክር "ያማሃ ፒኤስአር ግዛ፣ ሌላ አታስብ" ነው። ለሠርግ ተጫዋች ምክሩ ልክ ነው። የድሮውን የሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) ፖፕ ድምፅ ፈልጎ ለተነሣ ግን ገንዘቡን ሊያስቆጨው ይችላል። ስለዚህ ሦስት አማራጮችን ጎን ለጎን እናያለን፦ ያማሃ ፒኤስአር ኢ473፣ ኮርግ ማይክሮኮርግ፣ እንዲሁም ላፕቶፕ ከትንሽ ሚዲ ኪቦርድ (የራሱ ድምፅ ከሌለው፣ የላፕቶፑን ድምፅ ከሚያጫውት ኪቦርድ) ጋር። ዋጋ አልጻፍኩም፤ ዶላሩና ዕቃውን የሚያመጣው ሰው በየጊዜው ይለዋውጡታል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱን የሚለያቸው ድምፁ ተሠርቶ መምጣቱ ወይም እናንተ መሥራታችሁ ነው። የዱሰልዶርፎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ክራፍትቨርክ በ1974 "አውቶባን" የተባለውን አልበም ሲያወጡ፣ ፕሮዲውሰሩ ጆርጆ ሞሮደርም በ1977 ሙኒክ ውስጥ ለዶና ሰመር ከሞላ ጎደል በሙግ ሲንተሳይዘር ብቻ ዘፈን ሲሠራ፣ "ባስ" የሚል ቁልፍ ተጭነው አልነበረም። የድምፁን ሞገድ መርጠው፣ ፊልተሩን (ድምፁን የሚያደምቀውንና የሚያደበዝዘውን ክፍል) እየከፈቱና እየዘጉ ድምፁን ከምንም አወጡት። የዚህ ሙዚቃ ለዛ ያለው ዜማው እየሄደ ድምፁም አብሮ መልኩን በመቀየሩ ላይ ነው።

ለዚህ ከሦስቱ ቅርቡ ማይክሮኮርግ ነው። በ2002 የወጣ ዕቃ ነው፤ ዕድሜው ግን አያሳስባችሁ። ፊልተሩን በእጅ የምታዞሩባቸው ማዞሪያዎች ፊት ለፊት አሉት። ከክራፍትቨርክ ጀምሮ የምናውቀውን የሮቦት ድምፅ የሚያወጣው ቮኮደርም ከነማይኩ አብሮት ይመጣል። 2.2 ኪሎ ስለሆነ ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል ባጃጅ ላይ ጭናችሁ ላይ ይሄዳል። ጉዱ ሌላ ቦታ ነው። በአንድ ጊዜ የሚያሰማው 4 ኖታ ብቻ ነው፤ በቀኝ እጅ ባለ ሦስት ኖታ ኮርድ ይዛችሁ በግራ ሁለት የባስ ኖታ ከነካችሁ አንዱ ይቆረጣል። ሁለት ድምፅ ደርባችሁ ከሆነ ደግሞ የቀራችሁ 2 ነው። ቁልፎቹ 37፣ እነሱም ትንንሽ ናቸው፤ ትልቅ እጅ ያለው ሰው መጀመሪያ ሳይሞክር አይግዛው። የራሱ ስፒከር የለውም። እኔ ይህን ሁሉ ይዤም ባንድ ውስጥ ለሚጫወት ሰው እመክረዋለሁ፤ ኮርዱን ጊታሪስቱ ይያዝ፣ እናንተ ባሱንና መሪ ዜማውን ያዙ።

ፒኤስአር ኢ473 ሌላ ዓለም ነው። 61 መደበኛ ቁልፍ፣ 820 ዝግጁ ድምፅ፣ ከኋላው አብሮ የሚመታ ስታይል (ዝግጁ የሪትም አጃቢ)፣ የራሱ ስፒከር። ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ለብቻው ሠርግ የሚያጫውት ሰው ከዚህ ውጭ ምን ይፈልጋል? ሁለት ማዞሪያዎች ስላሉት ፊልተሩን በመጠኑ መነካካት ይቻላል፤ ድምፁን ከሥሩ መሥራት ግን አይቻልም። ታናሹ ኢ373 ረከስ ይላል፣ ግን ፒች ቤንድ፣ ማለትም ኖታውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትተው መንኮራኩር፣ የለውም። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የእኛ ዜማ በትዝታም በአምባሰልም ኖታውን እያጎበጠ፣ እያንሸራተተ ነው የሚሄደው፤ መሪ ዜማ በሲንተሳይዘር ለመጫወት ያለ ፒች ቤንድ መሞከር ማሲንቆን ጣት ሳያንሸራትቱ እንደመጫወት ነው። ብር አጠራቅማችሁ ኢ473ን ጠብቁ።

በነገራችን ላይ ይህ ድምፅ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን አልበም ቀርጿል። በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አድምጡና የትኛው ድምፅ እንደሚስባችሁ ለዩ፤ የሚስባችሁ የኤሌክትሪክ ፒያኖው ከሆነ ማይክሮኮርግ አያረካችሁም።

ላፕቶፕ ላላቸው የእኔ ፍርድ አጭር ነው፦ ትንሽ ሚዲ ኪቦርድ ግዙና የተረፈውን ብር አስቀምጡ። በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ7 የዚያን ዘመን ፖፕ በደወልና በኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፁ ሞልቶት ነበር፤ ዛሬ "ዴክስድ" የሚባል ነጻ ፕሮግራም ያንኑ አሠራር ይዞ የድሮዎቹን የዲኤክስ7 ድምፆች ሳይቀር ይከፍታል። ፊልተር ለማዞር ለሚወድ ደግሞ "ሰርጅ" እና "ቫይታል" አሉ፤ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ችግሩ መዘግየት ነው። ዊንዶውስ ላይ ቁልፉን ነክታችሁ ድምፁ ቆይቶ ከመጣ ኤሲዮ ድራይቨር (መዘግየቱን የሚቀንስ ሶፍትዌር) ጫኑ፤ ካልበቃ የድምፅ ካርድ፣ ማለትም ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ መግዛት ግድ ነው። ይህን ወጪ አስቀድማችሁ አስቡት። መድረክ ላይ ላፕቶፕ መክፈት እኔ አልወድም፤ ቤት ለመቅረጽ ግን አቻ የለውም።

መብራት ሲሄድ ሦስቱም አያሳፍሩም፦ ላፕቶፑ በባትሪው፣ ሁለቱ ኪቦርዶች በ6 ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይቀጥላሉ። ትልቁ ስፒከር ግን ጀነሬተር ይጠብቃል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት እያንዳንዱን ቁልፍ በቀስታም በኃይልም ምቱ፤ ፒች ቤንዱን ገፍታችሁ ስትለቁት ወደ መሐል መመለሱን እዩ። የጃክ መሰኪያውን ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተንጫጫ ዋጋ አስቀንሱ። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ፤ ማይክሮኮርግ የሚጠቀመው 9 ቮልት ነው፣ የያማሃው 12። መሰኪያው ገባ ተብሎ የያማሃውን ማይክሮኮርጉ ላይ መሞከር የለም።