ለጣና ውሃ የቱ ፊልተር ይሻላል? ኤንዲ 64፣ ኤንዲ 1000 ወይስ የሚዞረው

ሎንግ ኤክስፖዠር (ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን እንዲቀበል አድርጎ ማንሳት) መማር ያማረው ሰው ልቡን የሚሰርቀው የባሕር ፎቶ ነው። ድንጋዩ ቆሞ፣ ማዕበሉ ጉም ሆኖ። ጎንደር ላለ ሰው ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ጎርጎራ ግን ቅርብ ናት። የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ማለዳ ደርሶ መልመድ ይቻላል። ጨው የለበትም፣ ለዕቃም አይከፋም።

ችግሩ ፀሐዩ ነው። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 አድርጋችሁ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 16 ብታጠቡት እንኳ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ አካባቢ ነው የሚሆነው። በዚህ ፍጥነት ሞገዱ ባለበት ቀጥ ይላል። ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፣ ማለትም ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋችኋል። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ መመለሱ ጣጣ ስለሆነ ቀድሞ ማወዳደር ያዋጣል።

ከሚዞረው እንጀምር፤ ቫሪያብል ይሉታል። ሁለት ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት) ተደራርበው የተሠራ ነው፤ የፊቱን ስታዞሩት ይጨልማል። በአንድ ዕቃ ሁሉንም መገላገል ያጓጓል። ሠርግና ክሊፕ ለሚቀርጽ ሰው እውነትም ምቹ ነው፤ ደመና መጣ ሄደ፣ በጣት ማዞር ብቻ ነው። ለሰፊ የውሃ ፎቶ ግን አልመክረውም። በሰፊ እይታ፣ ለምሳሌ በ18 ሚሊሜትር ሌንስ፣ እስከ ጥጉ ካዞራችሁት ምስሉ ላይ ጥቁር መስቀለኛ ጥላ ሊወጣ ይችላል። ያንን በኤዲቲንግ ማጥፋት አበሳ ነው።

ዋናው ፉክክር በ64 እና በ1000 መካከል ነው። ኤንዲ 64 ብርሃኑን 6 ስቶፕ ይቀንሳል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)፤ ያው 1/125 ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። ኤንዲ 1000 ደግሞ 10 ስቶፕ ነው፤ ሻተሩ 8 ሰከንድ ይደርሳል። “ጠንካራው ይሻላል” ብሎ 1000ውን የሚገዛ አይጠፋም። ዓለት ላይ ለሚፈነዳ የባሕር ማዕበል ልክ ነው። ሞገዱ ትንሽ በሆነበት የሐይቅ ዳር ግን 8 ሰከንድ ሲቆይ ያለችውም መስመር ትጠፋና ውሃው ግራጫ ሰሌዳ ይመስላል። ዳር የታሰረች ታንኳ ስትወዛወዝ አፍንጫዋ ሁለት ይሆናል። ደንገሉም ነፋስ ሲነካው ይደበዝዛል። በግማሽ ሰከንድ ግን ሞገዱ ጠጠሩን ነክቶ ሲመለስ ነጩ አረፋ ክር በክር ይታያል፤ ታንኳዋም ብዙ አትጎዳም። ማለዳ ብርሃኑ ሲለዝብ ያው 64 ሁለት፣ አራት ሰከንድ ይሰጣችኋል።

ለጀማሪ ሌላም ጥቅም አለው። 64 ተገጥሞም ስክሪኑ ላይ ምስሉ ይታያል፤ ፎከሱም ብዙ ጊዜ ይይዛል። 1000ው ድቅድቅ ነው። መጀመሪያ ፎከስ ታደርጋላችሁ፣ ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ የፎከሱን ቀለበት ሳትነኩ ፊልተሩን ታጠብቃላችሁ። ጣት ካመለጠ እንደገና መፍታት ነው። ርካሽ 1000 ደግሞ ቀለሙን ወደ ቡናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ሊጎትተው ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ 64። 1000ው በቀትር ውሃ ጸጥ ማሰኘት ለሚወድ ሁለተኛ ግዢ ይሁን። ባለ ካሬው ፊልተር ከነመያዣው ወጪውም ሸክሙም ይበዛል፤ ለአሁኑ እለፉት። ጥምቀት ላይ ግን ሁሉንም ቤት ተዉት! የፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ወጣቱ ዘሎ ሲገባ ፎቶው ያለው የሚረጨው ጠብታ ላይ ነው፤ እሱ 1/1000 ሰከንድ ነው የሚፈልገው።

ከመክፈላችሁ በፊት የሌንሱን ስፋት እዩ። ፊቱ ላይ ወይም ክዳኑ ውስጥ 52፣ 58፣ 67 የሚል ቁጥር አለ። ሁለት ሌንስ ካላችሁ ለትልቁ ግዙ፤ ለትንሹ ርካሽ ማገናኛ ቀለበት ይበቃል።

ብር ካጠረ ደግሞ ትራይፖዱ ይቅደም። የሚንቀጠቀጥ እግር ላይ የቱም ፊልተር ዋጋ የለውም። ጭቃማ ዳርቻ ላይ እግሮቹን ጠበቅ አድርጋችሁ ትከሉ፤ የመሃሉን ዘንግ አትሳቡ፤ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉና በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱ። አንድ ቀን ባሕር ከወረዳችሁ እግሮቹን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ጨው መገጣጠሚያውን ይበላዋል።

ያገለገለ ፊልተር ከሆነ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀቱን ያለ ፊልተርና በፊልተር አንሱት፤ ነጭ ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) ለሁለቱም ፎቶ አንድ ዓይነት ላይ ቆልፉት። ትንሽ ቀለም ከሆነ በኋላ ይስተካከላል። ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ነጭ ከወጣ ግን ለባለቤቱ መልሱለት።