ፓሲቭ ስፒከር ወይስ አክቲቭ ሞኒተር? ከመግዛትዎ በፊት የአምፕዎን ጀርባ ይዩ

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከለገጣፎ ስፒከር ሊገዙ መርካቶ ከመውረድዎ በፊት የአምፕዎን (የድምፅ ማጉያዎን) ጀርባ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከስፒከሩ ዋጋና ስም ይልቅ ምርጫውን የሚወስኑት እዚያ ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው።

ፓሲቭ ስፒከር ማጉያ የለውም፤ ጉልበቱን በሙሉ ከአምፑ በቀይና በጥቁር ሽቦ ይቀበላል። አክቲቭ ሞኒተር የሚባለው ስፒከር ግን ማጉያው ሆዱ ውስጥ ስለሆነ ሶኬትና ደካማ ሲግናል ይበቃዋል። ያ ሲግናል 1 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። 50 ዋት የሚሰጥ አምፕ ግን 8 ኦም ስፒከር ላይ 20 ቮልት ያወጣል። የስፒከሩን ሽቦ ጫፍ ጃክ ቀጥሎ ሞኒተር ላይ መሰካት የተለመደ ስህተት ነው፤ የሞኒተሩን መግቢያ ሊያቃጥል ይችላል። በብዙ ትንንሽ ዲጂታል አምፖች ደግሞ ጥቁሩም ተርሚናል ሲግናል ስለሚያወጣ ከሞኒተሩ ግራውንድ (የመሬት መስመር) ጋር ሲገናኝ ሾርት ያደርጋል፤ አምፑም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ለሞኒተር ትክክለኛው መውጫ «ፕሪ አውት» የተጻፈበት ነው። የአምፑ ቮልዩም ስለሚገዛው ፓሲቩም ሞኒተሩም በአንድ እጅ ይታዘዛሉ። ገመዱ በአንድ ጫፍ አርሲኤ (ለዲቪዲ የሚሰካው ዓይነት ቀይና ነጭ ጃክ)፣ በሌላው 6.35 ሚሊ ሜትር ሞኖ ጃክ ነው፤ ለግራና ለቀኝ ሁለት ይግዙ። «ሬክ አውት» ወይም «ቴፕ አውት» ብቻ ካለ እሱም ይሠራል፣ ነገር ግን የአምፑ ቮልዩም አይነካውም። ስለዚህ የሞኒተሩን መቆጣጠሪያ ከዜሮ ጀምረው ቀስ ብለው ይክፈቱ። የኢርፎን ቀዳዳም ያገለግላል፤ ብዙ አምፖች ግን እዚያ ሲሰካ ፓሲቩን ይዘጋሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የኢርፎኑን ስቴሪዮ ገመድ ሳይከፍሉ በቀጥታ አንድ ሞኒተር ላይ ከሰኩት የዘፋኙ ድምፅ ጠፍቶ ማጀቢያው ብቻ ይቀራል። ሞኒተሩ የግራና የቀኙን ልዩነት ስለሚወስድ በሁለቱም እኩል ያለው ድምፅ ይጠፋል። ሞኒተሩ ተበላሸ ብለው ለጥገና አይውሰዱት፤ ወደ ሁለት ሞኖ ጃክ የሚከፈል ገመድ ይግዙለት።

ማይክ መሰኪያና ፍላሽ ያላቸው ርካሽ አምፖች አብዛኞቹ ፕሪ አውት የላቸውም። እንዲህ ያለውን የያዘ ሰው ፓሲቭ ይግዛ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋትም አይመን፤ ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ሳያቋርጥ 1000 ዋት ሊሰጥ አይችልም።

በመብራት ጉዳይ ፓሲቭ ይሻላል፣ ይህንንም ያለማመንታት እንናገራለን። ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ዘሎ ይመጣል። በፓሲቭ አንዱን አምፕ በስታቢላይዘር ከጠበቁ በቂ ነው። ሞኒተር ሁለት ሶኬት ይጨምራል፣ ሁለቱም ሆዳቸው ውስጥ ያለው ቦርድ ይጋለጣል። መብራት ሲሄድ ሞኒተሩን ወዲያው በማብሪያ ማጥፊያው ያጥፉ። ሲያበሩ ሞኒተሩ መጨረሻ፣ ሲያጠፉ መጀመሪያ ይሁን፤ አለዚያ የአምፑ «ዷ!» ትዊተሩን (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር) ይመታል።

ሞኒተር ሲጨመር «እምምም» የሚል ድምፅ ከመጣ አምፑንም ሞኒተሮቹንም አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ። ካልጠፋ የዲሽ ገመዱን ከሪሲቨሩ ይንቀሉ፤ ጸጥ ካለ ድምፁ የሚመጣው በእሱ ነው፣ በአምፑና በሞኒተሩ መካከል ግራውንድ የሚለይ ትራንስፎርመር ያስገቡ። የሶኬቱን የኧርዝ እግር መቁረጥ ግን ሰው ሊገድል ይችላል።

ፓሲቭ የሚጠይቀው ሽቦ ነው። ለ8 ኦም ስፒከር እስከ 10 ሜትር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ፣ ወይም ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ፣ 2.5 ይግዙ። ክሩን በምላጭ ፋቅ ያድርጉ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። በ«ኤ» እና በ«ቢ» መውጫ ሁለት ጥንድ ባለ 8 ኦም ስፒከር አብረው ሲከፈቱ አብዛኛው አምፕ 4 ኦም ያያል፣ ጀርባው ላይ ይህን ካልፈቀደ ይግላል።

ሳሎን ውስጥ ለቤተሰብ የሚያዳምጥ ፓሲቭ ይውሰድ። ጠረጴዛ ላይ ሙዚቃ የሚያቀናብር ወይም ቪዲዮ የሚቆርጥ ሞኒተር ይውሰድ፤ በጆሮው ደረጃ፣ ከራሱ 1 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያቁመው። የኮንዶሚኒየም ጎረቤትም ያመሰግነዋል፣ በቅርብ ሲደመጥ ብዙ መክፈት አያስፈልግምና። ሁለቱን በአንድ ክፍል አብሮ ማጫወት ግን አንመክርም። አንዳንድ ሞኒተሮች ድምፁን በዲጂታል ሲያቀነባብሩ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ስለሚዘገዩ ድምፁ ይሳሳል።

ሱቅ ውስጥ ሞኒተሩን ምንም ሳይሰኩበት ያስበሩትና ጆሮዎን ትዊተሩ አጠገብ ያድርጉ። ሹክሹክታ የመሰለ «ሽሽ» ያለ ነገር ነው፤ አንድ ሜትር ርቀው ከሰሙት ግን ሌላ ያስመጡ።