የወርቅ ሳንቲም ለቁጠባ፦ ደሴ ላይ ይዤው እንዳየሁት

የወርቅ ሳንቲም ማጠራቀም ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የያዝኩት ሶቨሪን የሚባለውን የእንግሊዝ ሳንቲም ነው። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ናት ከነደረሰኙ ያመጣችልኝ። ስንት እንደሆነ አልጽፍም፤ እናንተም ብትገዙ ለማንም አትንገሩ።

ለምን ሳንቲም? ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ባንክ ያለው ቁጠባዬ ዓይኔ እያየ ሟሸሸ። ሐብልና ቀለበት መግዛትም ይቻላል። ግን ጌጥ ስትገዙ የእጅ ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ ስትሸጡ ደግሞ ያን የሚመልስላችሁ የለም። ሳንቲምም ከወርቁ ዋጋ በላይ የሚያስጨምረው ነገር አለው፣ ቢሆንም ከጌጥ ያነሰ ነው።

አንዱ ሶቨሪን 7.98 ግራም ይመዝናል። 22 ካራት፣ ማለትም ከ24 እጅ 22ቱ ወርቅ ስለሆነ ንጹሕ ወርቁ 7.32 ግራም ነው። ክሩገራንድ የሚባለው የደቡብ አፍሪካው ትልቁ ሳንቲም ግን 33.93 ግራም ነው፣ ትንሽ ገንዘብ ሲቸግራችሁ ቆርሳችሁ አትሸጡትም። ለእኛ አቅም ትንሹ ይሻላል ባይ ነኝ።

ዋናው ነገር መሸጡ ነው። አንዱን ይዤ ፒያሳ ወጣሁ። የመጀመሪያው ወርቅ ቤት በ21 ካራት ሒሳብ ልግዛህ አለኝ። ደረሰኙን ባሳየውም «ወንድምዓለም፣ እዚህ የሚሸጠው 21ና 18 ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሁለተኛው ጠገራ ብር መስሎት ነበር፤ ጠገራ ግን ብር እንጂ ወርቅ አይደለም፣ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት አለበት፣ 28 ግራም ገደማም ይመዝናል። ከዚያ ወርቅነቱን ለማየት ድንጋይ ላይ ልፈግፍገው ሲል እምቢ አልኩና በውኃ እንዲፈትነው ጠየቅኩት።

ፈተናው ቤትም ይሠራል። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት፣ የብርጭቆውን ታችም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ 0.45 አካባቢ ካሳየ ክብደቱና ይዘቱ ይገጥማል። ነሐስ ቢሆን ኖሮ በዚያው ክብደት እጥፍ ገደማ ያሳይ ነበር። ሰውዬው ቁጥሩን አይቶ «አብሽር፣ ወርቅ ነው» አለና በ22 ሒሳብ ገዛኝ።

ግን የከፈለኝ የግራሙን ብቻ ነው። ላዩ ላይ ያለችው ንግሥትም፣ ዘንዶ የሚወጋው ጊዮርጊስም፣ ዓመተ ምሕረቱም ደሴ ላይ አምስት ሳንቲም አይጨምሩም። ስለዚህ አሮጌ ነው፣ ብርቅ ነው፣ ሣጥን አለው እያሉ የሚያስጨምሯችሁን አትስሟቸው፣ ተራውን ግዙ። ደግሞ ወርቅ ወለድ አይወልድም፣ ዋጋውም ይወርዳል፤ የዓመት አስቤዛ ገንዘብ እዚህ ውስጥ አታስገቡ።

አቀማመጡ ብዙ አያስቸግርም። የጦሳ ጉምና እርጥበት ወርቁን አያዝገውም፣ ግን 22 ካራት ውስጥ መዳብ ስላለ ገጹ ትንሽ ሊቀላ ይችላል። አትፈትጉት፣ በሎሚም አትጠቡት። ለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት እያደር የሚያጣብቅ ነገር ይለቅበታል፤ ጠንካራ ክብ ማስቀመጫ ይሻላል።

የት ይቀመጥ የሚለው ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ። ጥቅምት 2014 ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ ስንቱ ሰው ቤቱን ቆልፎ ወጣ፣ ሲመለስም ተዘርፎ አገኘው። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ተሸክሞ የሚሮጥ የለም፣ ሳንቲም ግን መቀነት ውስጥ ይገባል። እኔ ሁለት ቦታ ከፍዬ አስቀምጫለሁ፣ አንድ የማምነው የቤተሰብ ሰውም ሁለቱንም ያውቃል። እኔ አንድ ነገር ብሆን ግድግዳ ውስጥ ተረስቶ መቅረት የለበትም። ደረሰኙን ግን ከወርቁ ጋር አላስቀምጥም።

ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ ዘካውን አትርሱ። ኒሳቡ፣ ማለትም ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ትንሹ መጠን፣ 85 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነው፣ ሌላ ወርቅ ከሌላችሁ 11 ሶቨሪን አይሞላውም፣ 12 ግን ያልፈዋል። የሚለበስ ጌጥ ላይ ዑለማዎቹ ይለያያሉ፣ ለቁጠባ የተያዘ ሳንቲም ላይ ግን ክርክር የለም። የጨረቃ ዓመቱ ሲሞላ የዕለቱን የግራም ዋጋ ጠይቁና 2.5 በመቶውን በብር አውጡ፤ ሳንቲሙን መሸጥ አያስፈልግም።