ላውንጅ መግዛት ያዋጣል? ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ በቦሌ ለሚበር መንገደኛ የተዘጋጀ ንጽጽር

ላውንጅ በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ከሕዝቡ መጠበቂያ ተለይቶ የተሠራ ክፍል ነው። ምግብና መጠጥ፣ ሰፊ ወንበር፣ ዋይፋይና የቻርጅ ሶኬት ይኖረዋል፤ አንዳንዱ ሻወርም አለው። ገንዘብ ከፍሎ መግባት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ግን በክፍሉ ምቾት አይወሰንም። የሚወስነው ረጅሙን ሰዓት የምትጠብቁት የት እንደሆነ ነው። ለሰሜን ሸዋ መንገደኛ ደግሞ ያ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ላውንጅ ውስጥ መግባት በማይቻልበት ቦታ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ ወይም ከመሐል ሜዳ ለሚነሳ ከዚህ በብዙ ይርቃል፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ ደግሞ ጉዞው ይዘገያል። በረራው 23:45፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡45 የሆነ ሰው በጨለማ መጓዝ ስለማይሻ ጠዋት ይነሳና ቀትር ገደማ ላምበረት መናኸሪያ ይወርዳል። ከዚያ በመገናኛ አድርጎ ቦሌ ቅርብ ነው። ሻንጣውን ይዞ ሰባት ስምንት ሰዓት ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። አብዛኞቹ ላውንጆች ለበረራው 3 ሰዓት ሲቀር እንጂ ከዚያ ቀድመው አያስገቡም፤ የሚገኙትም ከኢሚግሬሽንና ከፍተሻ ወዲያ ስለሆነ ያለ ቦርዲንግ ፓስ፣ ማለትም ያለ መሳፈሪያ ካርድ፣ አይደረስባቸውም። ቦርዲንግ ፓስ ደግሞ ቼክ ኢን፣ የበረራው መመዝገቢያ፣ ሳይከፈት እጅ አይገባም።

ስለዚህ ያንን የቀን ሰዓት ለማሳለፍ ላውንጅ አትግዙ። የዘመድ ቤት ካለ እሱ ይበልጣል፤ ከሌለ ቦሌ አካባቢ ለቀን ብቻ ክፍል የሚያከራዩ ሆቴሎችን ጠይቁ። ስትጠይቁ «ለሌሊት አላድርም፣ እስከ ማታ 2 ሰዓት ነው» ብላችሁ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ዝም ብላችሁ ከገባችሁ የሙሉ ሌሊት ሒሳብ ይመጣል።

እግረ መንገድ፣ ከላውንጅ ክፍያ በላይ ገንዘብ የሚያስከስር አንድ ስሕተት አለ። ትኬቱ ላይ ቀኑ 15፣ ሰዓቱ 00:30 ከተጻፈ በረራው ከሌሊቱ 6፡30 ነው። ፈረንጁ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ በእኛ ልማድ ያ ሌሊት የ14 ሌሊት ነው። ቦሌ መድረስ ያለባችሁ በ14 ማታ 2፡30 አካባቢ ነው። «በ15 ማታ ነው» ብሎ የተነሳ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን አልፎ ይደርሳል።

አሁን ወደ መግቢያ መንገዶቹ።

ቢዝነስ ክላስ ትኬት የገዛ ሰው ላውንጁን በነፃ ያገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ ክላውድ ናይን ይባላል፤ ቦሌ ባለው ላውንጁ የአገር ምግብና የጀበና ቡና ይቀርባል። ነገር ግን ለላውንጅ ሲባል ቢዝነስ ክላስ መግዛት ሒሳብ አይደለም። ገንዘቡ የሚከፈለው አውሮፕላኑ ውስጥ እንደ አልጋ ለሚዘረጋው ወንበር ነው፤ ላውንጁ ምርቃት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሸባ ማይልስ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በበረራችሁ ቁጥር ማይል የሚባል ነጥብ የሚሰጥበት የአባልነት ፕሮግራም፣ ነው። ምዝገባው በነፃ ነው፣ ማንም መንገደኛ ሳይመዘገብ መብረር የለበትም። ደረጃው ከሰማያዊ ተነስቶ በብርና በወርቅ አልፎ ፕላቲነም ይደርሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስታር አልያንስ፣ የብዙ አየር መንገዶች ኅብረት፣ አባል ስለሆነ፣ ወርቅ የደረሰ ሰው የሉፍታንዛን ወይም የተርኪሽን በረራ ሲይዝም በስታር ጎልድነቱ፣ በኅብረቱ የወርቅ ደረጃ፣ ላውንጅ ይገባል፤ አንድ እንግዳም ያስገባል፣ እንግዳው ራሱ በስታር አልያንስ አየር መንገድ የሚበር ከሆነ። ችግሩ ወርቅ ለመድረስ በዓመት ብዙ መብረር ማስፈለጉ ነው። ርካሽ የኢኮኖሚ ትኬት የሚሰጠው ማይል ጥቂት ነው፤ ልጆቿን ለማየት በሁለት ዓመት አንዴ አሜሪካ የምትሄድ እናት በዚህ መንገድ ላውንጅ አትደርስም። ዱባይና ጓንጁ እየተመላለሰ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ግን ይደርሳል፤ በየጊዜው የተለያየ አየር መንገድ እያማረጠ ማይሉን ካልበታተነው። በትኬት ላይ የሚያተርፈውን ትንሽ ብር አይቶ ከአልያንሱ የሚወጣ ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ የሚያጣውን ኪሎ፣ ወርቅ አባል የሚፈቀድለትን ተጨማሪ ሻንጣ ማለታችን ነው፣ አብሮ ያስላ። ለነጋዴ ከላውንጁ ሻንጣው ይበልጣል።

ሦስተኛው የአባልነት ካርድ ነው። በሰፊው የሚታወቀው ፕራዮሪቲ ፓስ ሲሆን ከአየር መንገድ ጋር ሳይያያዝ በብዙ አገር ላውንጆች ያስገባል። በአሜሪካ የሚሸጥበት ዋጋ ሦስት ዓይነት ነው። ስታንዳርድ በዓመት 99 ዶላር ሆኖ በገባችሁ ቁጥር 35 ዶላር ይጨምራል። ስታንዳርድ ፕላስ 329 ዶላር ሆኖ 10 ጊዜ በነፃ ያስገባል፣ ከዚያ በላይ 35 ነው። ፕሬስቲጅ 469 ዶላር ሆኖ ገደብ የለውም። እንግዳ በሦስቱም 35 ዶላር ይከፈልበታል። ከመግዛታችሁ በፊት ድረ ገጹ ላይ ያለውን የዕለቱን ዋጋ አስተያዩ።

ይህን ቁጥር ሻጩ በሚያሳያችሁ መንገድ ብቻ አትዩት። በዓመት አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ የሚሄድና በመሸጋገሪያ ከተማ ሁለት ጊዜ የሚገባ ሰው ስታንዳርድ ቢገዛ 99 እና 70፣ ድምሩ 169 ዶላር ያወጣል። አንዱ መግቢያ 84.50 ዶላር ደረሰ ማለት ነው፤ በዚህ ዋጋ በር ላይ ከፍሎ መግባት በርካሽ ያልፋል። ስታንዳርድ ፕላስ ከስታንዳርድ የሚሻለው በዓመት 7 ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚገባ ሰው ነው፦ በ6 ጊዜ ስታንዳርዱ 309 ዶላር፣ በ7 ጊዜ 344 ዶላር ይመጣል። ፕሬስቲጅ ከፕላስ ጋር የሚስተካከለው በ14ኛው መግቢያ ላይ ነው። በዓመት 14 ጊዜ ላውንጅ የሚገባ ሰው ከደብረ ብርሃን አይጠፋም፣ ግን ብዙ አይደለም።

ካርዱ ሌሎች ወጥመዶችም አሉት። አባልነቱ ዓመቱ ሲሞላ በራሱ ሊታደስ ስለሚችል በገዛችሁበት ቀን መለያው ገጽ ገብታችሁ የራስ ሰር እድሳቱን አጥፉ። መግቢያው በስልክ ላይ ያለ ኮድ ከሆነ ስልኩ ሲሞት መግቢያውም ይሞታል። የመግቢያ ክፍያው በር ላይ ሳይሆን በኋላ ከካርዱ ስለሚቆረጥ ገንዘብ የሌለበት የዶላር ካርድ ጣጣ ያመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላውንጁ ከሞላ አባልንም ይመልሳል። ቢዝነስ ክላሱን ያስቀድማል፣ ካርድ የያዘውን «በኋላ ተመለስ» ይላል፤ በሌሊት የበረራ ግርግር ሰዓት ይህ የተለመደ ነው፣ ተመላሽ ገንዘብም የለውም።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ደግሞ «አሜሪካ ያለው ወንድሜ በባንክ ካርዱ የላውንጅ መብት አለው፣ ልጠቀምበት እችላለሁ?» የሚለው ነው። እሱ አብሮ ከተጓዘ አዎ፣ እንደ እንግዳ ያስገባችኋል፤ በእንግዳ የሚከፈል ካለ ካርዱ ላይ ይታያል። ብቻችሁን ከሆናችሁ አይሆንም። በር ላይ የካርዱ ስምና የቦርዲንግ ፓሱ ስም ይመሳከራል። ወንድም ሊረዳ የሚችለው በሌላ መንገድ ነው፦ በላውንጁ ድረ ገጽ ላይ በእናንተ ስም አንድ መግቢያ ገዝቶ ማረጋገጫውን በቴሌግራም ይላክ።

ይህ አራተኛው መንገድ፣ አንድ ጊዜ ከፍሎ መግባት፣ ለአብዛኛው መንገደኛ ትክክለኛው ነው ብለን እናምናለን። በብዙ አገር ዋጋው ከ30 እስከ 60 ዶላር ይደርሳል፤ አስቀድሞ በኢንተርኔት ሲገዛ ከበር ላይ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ መተመን ከጀመረ በኋላ 40 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለምና የሚያዋጣበትን ሰዓት ለዩ። ሽግግሩ ከ2 ሰዓት በታች ከሆነ አትግዙ፣ ጌት፣ የመሳፈሪያውን በር፣ መፈለግ ብቻ ይበላዋል። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሆኖ የምግብ ሰዓት ካረፈበት ያዋጣል። ከ8 ሰዓት ካለፈ ግን የላውንጁ የ3 ሰዓት የመቆያ ገደብ መሐል ላይ ያስወጣችኋል፤ ሁለት ጊዜ ከምትከፍሉ በማረፊያው ውስጥ በሰዓት የሚከራይ አልጋ ጠይቁ። ክፍያውን ከኢትዮጵያ ለመፈጸም የተለመደው የኤቲኤም ካርድ አይበቃም፤ ባንኮች ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይተው ለመንገደኛ የሚሰጡት የዶላር ካርድ ያስፈልጋል።

የመሸጋገሪያ ከተሞቹም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ዶሃ ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በነፃ ያለውን እዩ። ሐማድ አውሮፕላን ማረፊያ ጋደም የሚባልባቸው ወንበሮች ያሏቸው ጸጥ ያሉ ክፍሎች አሉት፣ ለሴትና ለወንድ ተለይተው፣ ያለ ክፍያ። ሌሊት ይሞላሉ እንጂ ለድካም ይበቃሉ። ምግብና ሻወር ከፈለጋችሁ እንደ አል ማሃ ያሉ በክፍያ የሚያስገቡ ላውንጆች አሉ። አል ሙርጃን የሚባለው ትልቁ ግን የቢዝነስ ክላስ ነውና በሩ ላይ አትሰለፉ።

ዱባይ ላይ ዋናው ጥንቃቄ ተርሚናሉ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው በተርሚናል 1፣ ኤምሬትስ ደግሞ በተርሚናል 3 ነው። ማርሃባ የሚባለው የክፍያ ላውንጅ ከአንድ በላይ ተርሚናል ስላለው ስትገዙ «ዱባይ» ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ በሌላው ተርሚናል የገዛችሁት መግቢያ ለእናንተ ወረቀት ነው። ዋይፋዩ በማረፊያው ሁሉ በነፃ ስለሆነ ለኢንተርኔት ብላችሁ ላውንጅ አትግቡ። ከቦሌ ዱባይ ቀጥታ ለሚሄድ፣ ሥራም ሆነ ንግድ፣ መሸጋገሪያ የለውም፤ ለእሱ ላውንጅ ትርፍ ወጪ ነው።

ኢስታንቡል ከሦስቱ ላውንጅ ይበልጥ የሚያዋጣበት ነው። የተርሚናሉ ምግብ ውድ ነው፤ ነፃ ዋይፋዩም በሰዓት የተገደበ ነው። በተርኪሽ ለሚሸጋገር ሰው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይታ ካለው አየር መንገዱ ቱሪስታንቡል የሚባል ነፃ የከተማ ጉብኝት ከምግብ ጋር ያዘጋጃል፤ ከማረፊያው ለመውጣት ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ የቱርክ ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛ ከሌለ ኢጋ ላውንጅ በክፍያ ያስገባል።

ጾም ላይ ለሆነ መንገደኛ የአረብ አገር ላውንጅ አያሳስብም፦ ፉል፣ ሁሙስ፣ ሩዝ፣ ሰላጣና ፍራፍሬ አይጠፋም። ሾርባውን ግን ጠይቁ፤ አትክልት ይመስልና በሥጋ መረቅ የተሠራ ይሆናል። ቅዝቃዜውም አለ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ ባይነገረውም የኤርኮንዲሽኑ ሌላ ነውና ጋቢውን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ይያዘው።

በር ላይ ሰው የሚመለስባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ቀጣዩ በረራ የዚያው ቀን አለመሆኑ፣ በጊዜ ቀድሞ መምጣት፣ ስም አለመመሳሰል፣ ለልጅ አለመክፈል። የልጅ ዕድሜ ወሰን ከላውንጅ ላውንጅ ስለሚለያይ ከቤተሰብ ጋር ስትሄዱ ደንቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ፤ ለአራት ሰው ላውንጅ መክፈል ግን በአብዛኛው ከአንድ ጥሩ እራት ይብሳል። ሌላው፣ ብዙ ላውንጆች የበረራ ጥሪ አያሰሙም። ሰሌዳውን ራሳችሁ ተከታተሉ፣ ከጌት መዝጊያው ቢያንስ 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ።

ላውንጁን ለመተው የወሰነ ሰው ስንቁን ይያዝ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ደረቅ ዳቦ በፍተሻ ያልፋሉ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ውሃ አያልፍም፤ ማርና ንጥር ቅቤም እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ በእጅ ሻንጣ ከገቡ ይወሰዳሉ። ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ከፍተሻ በኋላ ሙሉት።

ለአረጋዊ ወላጅ ላውንጅ ልግዛ ወይ ለሚል ልጅ የምንሰጠው መልስ፦ መጀመሪያ ዊልቸር ይጠየቅ። አገልግሎቱ በአየር መንገዱ በኩል በነፃ ነው፤ ትኬቱ ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ይመዝገብ። እናት ፊደል ባይቆጥሩም ቋንቋ ባያውቁም ረዳቱ ከቼክ ኢን እስከ አውሮፕላኑ በር፣ በመሸጋገሪያውም ከጌት ወደ ጌት ያደርሳቸዋል። በመሸጋገሪያው ለረዥም ሰዓት በአንድ መጠበቂያ ያስቀምጧቸዋልና የመድኃኒታቸው ሰዓት፣ የልጃቸው ስልክና «ውሃና መጸዳጃ ቤት» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ። ላውንጅ የተገዛላቸው ከሆነ ማረጋገጫው ታትሞ እዚያው ወረቀት ላይ ይያያዝ፤ ረዳቱ ካላየው ወደዚያ አይወስዳቸውም።